ኪያንቲን በሳይክል፦ ከፍሎረንስ እስከ ሲዬና ዳገቱ ይቻላል?

ባለሳይክሉ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? በሴፕቴምበር መጨረሻ ሳይክሌን ይዤ ጣሊያን፣ ቶስካና ልሄድ ነው። ሐሳቤ ከፍሎረንስ ተነስቼ የኪያንቲን የወይን አገር አቋርጬ ሲዬና መግባት ነው። ካርታ ላይ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይህን ያህል ደግሞ ሜዳ ላይ ሳልቸገር እነዳለሁ፣ ግን የከፍታውን ስዕል ስከፍተው ልክ የመጋዝ ጥርስ ነው የሚመስለው፣ አንዱ አለቀ ስትል ሌላው ይጀምራል። የምኖረው ሜዳ አገር ስለሆነ እግሬ ዳገት አልለመደም።

በአንድ ቀን ልጨርሰው ወይስ ልከፋፍለው? በዚያ አካባቢ ያለው ነጩ ኮረኮንች መንገድ በኮርሳ ሳይክል ይሞከራል? ማርሼስ ይበቃል ወይ (ፊት ትንሹ 36፣ ኋላ ትልቁ 28 ነው)? ደግሞ መንደሮቹን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። የት የት ልቁም? የነዳችሁበት ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ነጭ_አቧራ

ወንድሜ፣ ጥሩ ቦታ መርጠሃል። ይቻላል፣ ግን አነዳድህን መቀየር አለብህ።

ልትሄድበት ያሰብከው ኪያንቲጃና የሚባለው 222 ቁጥር መንገድ ነው። ከፍሎረንስ ስትወጣ እስከ ግራሲና ድረስ መኪና ስለሚበዛ በጠዋት ውጣ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተከፈተ፣ ወይኑና ወይራው ግራና ቀኝ እየመጣ ይሄዳል። ስልክህ ላይ መንገድ ስትፈልግ ደግሞ የሳይክል ምርጫውን ንካ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ፈጣኑ የመኪና መንገድ ለሳይክል ክልክል ነው።

በመንገድህ ላይ የምታገኛት ግሬቬ 236 ሜትር ላይ ናት። ፓንዛኖ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፓንዛኖ ወደ ፔዛ ወንዝ ሸለቆ ትወርድና እንደገና ወደ ካስቴሊና ትወጣለህ፣ እሷ ደግሞ 578 ሜትር ላይ ናት። አየህ፣ ለብቻው ሲታይ የሚያስፈራ ዳገት የለም። ችግሩ እረፍት የሚሰጥ ሜዳ አለመኖሩ ነው። ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ጠመዝማዛ ስለሆነ እጅህ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ልብህ ሳይረጋ ሌላው ዳገት ይመጣል። ማታ ላይ ስትደምረው ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዳገት ገና እግርህ ትኩስ ሳለ አትንደደው። ከጎንህ ካለ ሰው ጋር እያወራህ መውጣት በምትችልበት ፍጥነት ውጣ።

መንደሮቹ ለምን ሁሉም ጉብታ አናት ላይ እንደሆኑ ካወቅክ ካርታውን ማንበብም ይቀልሃል። ፍሎረንስና ሲዬና በዚህ መሬት ለዘመናት ተዋግተውበታል። ራዳ፣ ጋዮሌና ካስቴሊና የፍሎረንስ የድንበር ጠባቂዎች ነበሩ፤ አንድ ላይ የኪያንቲ ሊግ የሚባል የጦር ማኅበር ነበራቸው፣ አርማቸውም ጥቁር አውራ ዶሮ ነበር። ጠላትን ከሩቅ ለማየት ከፍታ ያዙ። እኛ ዛሬ ወደ እያንዳንዱ መንደር በላብ የምንገባው በዚያ ምክንያት ነው። መንደር ካየህ ዳገት አለ ብለህ ቁረጥ፣ ውኃና ምግብህን በዚያ አስላ።

የእኔ ምክር አንድ ነው። ፍሎረንስ–ሲዬናን በአንድ ቀን ሮጠህ አትጨርሰው። ራዳ ወይም ካስቴሊና አልጋ ያዝ፣ ሻንጣህን እዚያ ጣል፣ በየቀኑ ዙር ሠርተህ ተመለስ። ከራዳ ወደ ቮልፓያ ውጣ፤ የድንጋይ ግድግዳዋ እንዳለ የቆየ ትንሽዬ መንደር ናት፣ ወይን ጠጁ ዛሬም የሚጠመቀው እዚያው በአሮጌዎቹ ቤቶች ውስጥ ነው። በማግስቱ ወደ ጋዮሌና ብሮሊዮ ውረድ። ዕቃ የሌለው ሳይክል ዳገት ላይ ምን ያህል እንደሚቀልህ ስታየው ነው የሚገባህ።

የማርሽ_ሰው

ስለ መሣሪያው እኔ ልመልስ። 36 በ28 አይበቃህም። አንዱን ዳገት ትወጣዋለህ፣ ሁለተኛውንም ትወጣዋለህ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጉልበትህ ይናገራል። ፊት 34፣ ኋላ ቢያንስ 32፣ ከተቻለ 34 አድርግ። የኋላ ማርሽ ማስቀየር ከጉዞው ሁሉ ርካሹ ነገር ነው። ሰንሰለቱም አብሮ መርዘም ሊኖርበት ስለሚችል ጠግኖ ለሚያውቅ ሰው ስጠው፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ደግሞ አታድርገው።

ነጩ መንገድ፦ አዎ፣ በኮርሳ ይኬዳል። ስትራዴ ቢያንኬ የሚባለው የባለሙያዎች ውድድር ከ2007 ጀምሮ በዚያው መንገድ ላይ በኮርሳ ሳይክል ነው የሚካሄደው። ግን በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ አትግባ። ፍሬምህ የሚያስገባልህ ከሆነ 32፣ ካልሆነ 28። ንፋሱንም ከአስፋልት ቀነስ አድርገው፣ አለበለዚያ ጠጠሩ ላይ እየዘለልክ ነው የምትሄደው።

አነዳዱን ደግሞ ልንገርህ፣ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ዳገት ላይ ከኮርቻ አትነሳ። ከተነሳህ ክብደትህ ከኋላ ጎማ ላይ ይሸሽና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ቀለል ያለ ማርሽ ይዘህ፣ ተቀምጠህ፣ ፔዳሉን እኩል እያዞርክ ውጣ። ቁልቁለት ላይ መሪውን አንቀህ አትያዝ፣ ሳይክሉ ከሥርህ ትንሽ ይወዛወዝ፣ ችግር የለውም። ፍሬን የምትይዘው ኩርባው ሳይጀምር፣ ገና ቀጥ ብለህ ሳለህ ነው። መኪና ያለፈበት መስመር ላይ ጠጠሩ ተጠርጎ መሬቱ ጠንክሮ ታገኘዋለህ፣ እሱን ተከተል። መሃሉና ጠርዙ ላይ የተከመረው ልቅ ጠጠር ነው የሚጥልህ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክረው ከሆነ ወደ ብሮሊዮ ቤተ መንግሥት የሚወጣውን ነጭ መንገድ ያዝ። አጭር ነው፣ ጥዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ጥላ ይሰጥሃል፣ ላይ ስትደርስ ቤተ መንግሥቱ አለልህ። የሪካሶሊ ቤተሰብ ከ1141 ጀምሮ ይዞታል። ለዛሬው ኪያንቲ ወይን መሠረት የጣለው ቤቲኖ ሪካሶሊም የዚያ ቤት ሰው ነው፣ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆኗል። ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ የሚባለውን የስትራዴ ቢያንኬ ነጭ መንገድ ግን ለሌላ ጊዜ ተወው። 11.5 ኪሎ ሜትር ያልተቋረጠ ኮረኮንች ነው፣ ውስጡ ያሉት ዳገቶች ቀልድ አያውቁም። በ2024ቱ ውድድር ስሎቬንያዊው ሳይክለኛ ታዴይ ፖጋቻር ከዚያ ላይ ብቻውን ተፈትልኮ ቀሪውን 81 ኪሎ ሜትር ለብቻው ነድቶ ነው ያሸነፈው።

ማሂ_ፔዳል

እኔ ከነጭ_አቧራ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ዙሩ ጥሩ ነው፣ ግን ፍሎረንስ–ሲዬናን ቢያንስ አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንዳት አለበት። ሲዬና ላይ ሲገባ የሚሰማውን ነገር ከራዳ ደርሶ መልስ አያገኘውም። ሁለት ቀን አድርገው ወንድሜ፣ ካስቴሊና ላይ እደር። ከሲዬና በክልል ባቡር ትመለሳለህ፣ ለሳይክሉ የራሱ ትኬት ትቆርጥለታለህ፣ በቃ።

ስትወጣ ፖንቴ አ ኤማ ላይ ቁም። ገና ከፍሎረንስ ሳትርቅ ነው። ሳይክለኛው ጂኖ ባርታሊ የተወለደበት ቦታ ነው፣ ሙዚየምም አለው። ቱር ደ ፍራንስን በ1938 እና በ1948 ያሸነፈ ሰው ነው። በመሃሉ ካለው አሥር ዓመት ብዙውን ጦርነት ነው የበላው። በጀርመን ወረራ ጊዜ ልምምድ የሚሠራ መስሎ፣ የአይሁዳውያንን ነፍስ የሚያድኑ ሐሰተኛ መታወቂያዎች ሳይክሉ ፍሬም ውስጥ ደብቆ ከፍሎረንስ አሲሲ ይመላለስ ነበር። ብዙ ዘመን ዝም ብሎ ነው የኖረው። እኔ ያንን ሳይክል እያሰብኩ ነው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዳገት የምወጣው፣ ስለ እግሬ ማማረር አይመጣልኝም።

ካስቴሊና ስትገባ ሳይክልህን እየገፋህ ቪያ ዴሌ ቮልቴ ውስጥ ግባ። በግንቡ ውስጥ የሚያልፍ ጣሪያ ያለው መንገድ ነው። ከፀሐዩ ስትገባ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው፣ በየጥቂት እርምጃው ትንሽ መስኮት አለች፣ በእሷ ስታይ የወይን ማሳው ተዘርግቷል። ወታደሮቹም በዚያው መስኮት ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ፎንቴሩቶሊ አለልህ። የዶሮው አፈ ታሪክ ቦታ ነው። ድንበሩን ለመወሰን ከሁለቱም ከተሞች አውራ ዶሮ ሲጮህ አንድ አንድ ፈረሰኛ ይነሳ፣ የተገናኙበት ድንበር ይሁን ተባለ ይባላል። ሲዬናዎች ነጩን ዶሮ ቀለቡት፣ ጠግቦ ተኛ። ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስርበው ጨለማ ውስጥ ቆለፉበት፣ ሳይነጋ ጮኸ። ፈረሰኞቹ የተገናኙት ፎንቴሩቶሊ ላይ፣ ከሲዬና 12 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። አንተ በፍሎረንስ በኩል ስለምትመጣ ያንን ርቀት በእግርህ ትለካዋለህ። በወይን ጠርሙሱ ላይ የምታየው ጥቁር ዶሮ እሱ ነው።

ሲዬና መግቢያ ላይ ቪያ ሳንታ ካተሪናን ሞክር። የስትራዴ ቢያንኬ የመጨረሻ ዳገት ነው፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ እስከ 16 በመቶ የሚቆም። ከዚያ ታጥፈህ የከተማዋ ዋና አደባባይ ፒያሳ ዴል ካምፖ ትገባለህ። ከዘነበ ግን ውረድና ግፋው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ወይን መቅመስ ከፈለግክ ሳይክልህን ለቀኑ ካቆምክ በኋላ ይሁን። በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም የሚለው የጣሊያን የአልኮል ወሰን ሳይክል ነጂንም ይመለከታል፣ ሕጉ ባይኖርም እንኳ እነዚያ ቁልቁለቶች ሞቅ ላለው ሰው አይደሉም።

ባለሳይክሉ

እናንተን ምን ልበላችሁ፣ አመሰግናለሁ። ማሂ፣ ካስቴሊና ማደሩን ወድጄዋለሁ። ማርሹንም ነገ ላስቀይር ነው። ሁለት ነገር ብቻ፦ በዚያ ሰሞን ዝናብ ይመጣል ወይ? ውኃስ በመንገድ ላይ ይገኛል?

ነጭ_አቧራ

ማሂ ያለችውን ተቀብያለሁ፣ ሁለት ቀኑ ይሻላል። ከዚያ ግን ጊዜ ካለህ ራዳ ተመለስ።

ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ነጩን መንገድ ተወውና አስፋልት ላይ ቅር። በ2010 ጂሮ ዲታሊያ (ትልቁ የጣሊያን የሳይክል ውድድር) ሞንታልቺኖ ሲገባ ዘንቦ ነበር፣ ጭቃው ማልያውን ሁሉ አንድ ቀለም አድርጎት ማን ማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም፤ ያሸነፈው ካዴል ኢቫንስ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን ማልያው ላይ ያለው ቀስተ ደመና በጭቃ ተሸፍኖ ነው የገባው። ከሲዬና በስተደቡብ ያለው ሸክላ አፈር ደግሞ ፍሬምና ጎማ መሃል ገብቶ ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል።

ያ ሰሞን የወይን ለቀማ ነው። ትራክተሮች ከማሳ ሲወጡ አስፋልቱ ላይ ጭቃና የወይን ጭማቂ ይጥላሉ። ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ ስትደርስ ቀስ በል።

ውኃ በየመንደሩ አደባባይ ላይ ቧንቧ አለ። «ኖን ፖታቢሌ» የሚል ጽሑፍ ካለ አትጠጣው። በመንደርና በመንደር መሃል ግን ምንም ላታገኝ ትችላለህ፣ ሱቆችም ምሳ ሰዓት ዘግተው ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት። ሁለት ኮዳ ያዝ፣ ከቀትር በፊት ሙላቸው።

የማርሽ_ሰው

ሁለት የውስጥ ጎማ መያዝም አትርሳ፣ አንድ አይበቃም። ደወልም አስገባበት፣ በጣሊያን ግዴታ ነው። የኤሮይካን (ጋዮሌ ላይ በአሮጌ ሳይክሎች የሚካሄደውን ዝግጅት) መንገድ ምልክቶች ካየህ ደግሞ አትደንግጥ፣ 209 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቋሚ መስመር ዓመቱን ሙሉ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለግከውን ቁራጭ ነድተህ መውጣት ትችላለህ። የጋዮሌው ዝግጅት ራሱ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ስለሆነ አልጋ ቶሎ ያልቃል። ዛሬውኑ ያዝ።