ዲጂታል ሬዲዮ፦ «ዛሬ ያልገዛ ነገ ዝምታን ይገዛል»?

ቆርቆሮ አንቴና፦ አንድ የቴክኖሎጂ ዓምድ ጸሐፊ «ዛሬ ዲጂታል ሬዲዮ ያልገዛ ነገ ዝምታን ይገዛል» ብሎ ጻፈና ደሜን አፈላው። ኤፍኤም ነገ ማለዳ የሚቀበር አስመስሎ ያስፈራራናል። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ዝምታን የገዛው ማን ነው? ፊንላንድ ዲኤቢ የሚባለውን የዲጂታል ሬዲዮ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ2005 ዘጋችው። ፖርቱጋል በ2011 ተከተለች። ሆንግ ኮንግ በ2017 «በቃን» አለች። የአየርላንዱ የሕዝብ ማሰራጫ አርቲኢ በ2021 የዲኤቢ ሥርጭቱን አቆመ። በእነዚህ ሁሉ አገሮች ኤፍኤሙ ማውራቱን ቀጠለ፤ ዝም ያለው «የነገው» የተባለው ሬዲዮ ነው። ለእኔ ሬዲዮ እንደ ድስት ነው፤ አንዴ ይገዛል፣ እስኪበሳ ይጣዳል። የእኔው ባለ ጠምዛዛ ቁልፍ ሬዲዮ ገና አልተበሳም።

ሞገደኛው፦ ጋሼ ቆርቆሮ አንቴና፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዲጂታሉን የዘጉትን አገሮች አንድ በአንድ ቆጥረው ኤፍኤምን የዘጉትን ዘለሏቸው። ኖርዌይ በ2017 ከጥር እስከ ታኅሣሥ አውራጃ በአውራጃ እየዞረች ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አወረደች። የስዊዘርላንድ የሕዝብ ማሰራጫ ኤፍኤሙን ያጠፋው በ2024 የመጨረሻ ቀን ነው። እዚያ ድስትዎን ይዘው ቢቀመጡ ምን ይጥዱበታል?

ቆርቆሮ አንቴና፦ ምርቃቱን ትተህ ጨርሰህ ተናገር እንጂ። በኖርዌይ ትንንሾቹ የአካባቢ ጣቢያዎች ኤፍኤም ላይ ቀሩ። በስዊዘርላንድም ያን ቀን የወጣው የሕዝብ ማሰራጫው ነው፤ የግሎቹ አልተከተሉትም። ግማሹን ነግሮ ማስፈራራት የጸሐፊውም የአንተም ልማድ ሆኗል።

የሌሊት አድማጭ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ኤፍኤም ይሞታል አይሞትም በሚለው ላይ ነው። የእኔን ሬዲዮ የገደለው ግን ኤፍኤም አይደለም፤ ዲጂታሉን የገደለው ራሱ ዲጂታሉ ነው። ቀድመው ከገዙት አንዷ ነበርሁ። ሻጩ «ዲጂታል ነው፣ ከእንግዲህ ሌላ አያስፈልግሽም» አለኝ፤ አመንሁት። ከዓመታት በኋላ ጣቢያዎቹ ዲኤቢ ፕላስ ወደሚባለው አዲሱ የዲኤቢ ዓይነት ተዛወሩ። አሁን ሬዲዮውን ስከፍት የጣቢያው ስም በአረንጓዴው ማሳያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ ምንም። የበለጠ ከፍ አደርጋለሁ፤ ምንም። ስሙን ያነብልኛል፣ ቃሉን ግን አያሰማኝም። ጸሐፊው ዝምታ ያለው ይህ ከሆነ ከፍዬ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሞገደኛው፦ እህቴ፣ የአንቺ ችግር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው እንጂ የቴክኖሎጂው ጥፋት አይደለም።

የሌሊት አድማጭ፦ ቆይ እንጂ! ከላይ ጋሼን «ለምን ዘገዩ» ትላለህ፤ እኔን ደግሞ «ለምን ቸኮልሽ»። እንግዲህ ትክክለኛዋን ቀን አንተ ንገረንና በዚያች ቀን ሁላችንም ተሰልፈን እንግዛ።

ትርፍ ባትሪ፦ ነገሩን በተረት ከመሸፈን ምክንያቱን እንናገር። የመጀመሪያው ዲኤቢ በ1990ዎቹ አጋማሽ አየር ላይ ሲወጣ ድምፅ የሚጨመቀው ኤምፒ 2 በሚባለው ዘዴ ነበር። ለዘመኑ ጥሩ ነበር፤ ግን ቦታ ይበላል። በ2007 የጸደቀው ዲኤቢ ፕላስ በጣም የተሻለ መጭመቂያ ይዞ መጣ፤ በዚያው የሞገድ ክፍል ሁለት ሦስት እጥፍ ጣቢያ ያስገባል፣ የተሰባበረ ምልክትንም የመጠገን አቅሙ ጠንካራ ነው። ማሰራጫ ጣቢያ ለአየር ቦታ ይከፍላልና ወደዚያ መሮጡ አይቀርም። አዲሱ መቀበያ አሮጌውን ሥርጭት ይፈታል፤ አሮጌው መቀበያ ግን አዲሱን መፍታት አይችልም። የእህታችን ሬዲዮ ስሙን አንብቦ ድምፅ ያጣው ለዚህ ነው፤ የጣቢያዎቹ ዝርዝር የሚላክበት መንገድ አልተለወጠም፣ የድምፁ አስተሻሸግ ነው የተለወጠው። ስለዚህ የጋሼ ምሳሌ ከሥሩ የተበላሸ ነው። ድስቱ አልተበሳም፤ ምድጃውን ነው የቀየሩት።

ቆርቆሮ አንቴና፦ ምድጃ ቢለወጥ ድስት ድስት ነው። በእንጨት፣ በከሰል፣ በጋዝ፣ በኤሌክትሪክ ጥጄዋለሁ።

ትርፍ ባትሪ፦ በማግኔት ኃይል በሚያሞቀው አዲሱ ምድጃ ላይ የአሉሚኒየም ድስትዎን ይጣዱትና ይንገሩኝ። ውኃው ሳይሞቅ ይነጋል። ድስቱ ደህና ነው፣ ምድጃውም ደህና ነው፤ አይተዋወቁም። የእህታችን ሬዲዮና ዲኤቢ ፕላስም እንደዚያው ናቸው።

ጆሮ ጠቢ፦ ሬዲዮ ሊገዛ የመጣ ሰው ድስት ገዝቶ ሊወጣ ነው።

ቆርቆሮ አንቴና፦ አየህ፣ አንተ ራስህ የእኔን ነገር አረጋገጥህልኝ። ምድጃ ሠሪው ድስቴን ከንቱ ካደረገብኝ ጥፋቱ የምድጃ ሠሪው ነው። እኔ ለምን ነው በየዐሥር ዓመቱ ድስት የምገዛው? ደግሞስ ከዲኤቢ ፕላስ ቀጥሎ ሌላ «ፕላስ» እንደማይመጣ ማን ዋስ ይሆነኛል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሞገደኛው፦ አሁን ተረት ማን አመጣ?

መንገደኛ፦ ስለ ቤት ሬዲዮ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ሬዲዮ የማዳምጠው መሪ ይዤ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ታኅሣሥ ወዲህ ሬዲዮ ያለው አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ዲጂታል ሥርጭት የሚቀበል እንዲሆን አስገድዷል። ስለዚህ ብዙ ሰው «መቼ ልግዛ» ብሎ ሳይጠይቅ መኪና ሲገዛ ሬዲዮውንም አብሮ ገዝቷል። መከራው የአሮጌ መኪና ባለቤት ላይ ነው፤ ሬዲዮው ከማያ ገጹና ከማቀዝቀዣው ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ መንቀል አይሞከርም። እኔ ማገናኛ ገዛሁ። ዲጂታሉን ይቀበልና መልሶ በኤፍኤም ለመኪናው ሬዲዮ ይልካል። አንቴናው መስታወት ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ሽቦው በበሩ ጠርዝ ይወርዳል፣ በሩን በዘጋሁ ቁጥር ይቆነጠጣል።

ቆርቆሮ አንቴና፦ ስለዚህ ዲጂታሉን የምትሰማው በኤፍኤም ነው! ጸሐፊው ይህን ይስማ።

መንገደኛ፦ ጋሼ፣ በመኪናዬ ውስጥ ሁለት ክንድ በማትሞላ ርቀት ነው። ይህን እንደ ድል ከቆጠሩት ይውሰዱት።

ጆሮ ጠቢ፦ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ከንቱ ነው። ስልክ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አለ። በኢንተርኔት ስማና ተገላገል። ደረጃው ቢለወጥ ስልኩ ራሱን ያድሳል።

የሌሊት አድማጭ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍተውስ? በአየር የሚሰራጭ ሥርጭት አንድ ሰው ሰማው ሚሊዮን ሰማው ለማሰራጫው ልዩነት የለውም። የኢንተርኔቱ ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ ለየብቻ ይቀዳለታል፤ ሰው ሲበዛ መስመሩ ይጨናነቃል። ደግሞ ስልክህ ማን ምን ሰዓት ምን እንደሰማ ይመዘግባል። የእኔ ሬዲዮ ደንቆሮ ሊሆን ይችላል፤ ወሬ አመላላሽ ግን አይደለም። አንተ እንኳ በስምህ ጆሮ ጠቢ ነህና ስልኩን ብትወደው አይገርመኝም።

ጆሮ ጠቢ፦ ስሜን ለቀቅ አድርጊው። አባቴ አይደለም ያወጣልኝ።

ትርፍ ባትሪ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ጸሐፊው «ዲጂታል ሬዲዮ» ሲል አንድ ዕቃ ያለ ይመስለዋል። ይህ «ጫማ ግዛ» ብሎ ቁጥሩን አለመናገር ነው። አውሮፓና አውስትራሊያ ዲኤቢ ፕላስን ይዘዋል፤ አውስትራሊያ እንዲያውም በ2009 ስትጀምር አሮጌውን ዘልላ በቀጥታ ከአዲሱ ገባች። አሜሪካ ኤችዲ ሬዲዮ የሚባል የራሷ ሥርዓት አላት፤ ዲጂታሉን በነባሩ ኤፍኤም ሞገድ ጎንና ጎን አዝላ የምትልክ። ሕንድ ደግሞ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ዲአርኤም በሚባል ሌላ ዲጂታል ሥርዓት ሰፊ ሥርጭት ዘርግታለች። የአንዱ መቀበያ የሌላውን አይሰማም። ስለዚህ «መቼ» ከማለት በፊት «የትኛውን» ማለት ይቀድማል።

ሞገደኛው፦ ይህን ሁሉ ተናግረህ «ግዙ» አልህ ወይስ «አትግዙ»? አንተ ፕሮፌሰር ሆነህ ሳለ ድምፅ መስጠት ትፈራለህ።

ትርፍ ባትሪ፦ አልፈራሁም። የምትሰማው ጣቢያ የት እንዳለ እይ። ዲጂታል ላይ ብቻ ያለ ጣቢያ የምትወድ ከሆነ ዛሬ ግዛ። የምትሰማው ሁሉ ኤፍኤም ላይ ካለና የሚዘጋበት ቀን በሕግ ካልተቆረጠ የያዝኸውን ያዝ። «ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ቀን አይደለም። ብሪታንያ በ2009 ገደማ «2015» የሚል ዒላማ ይዛ ነበር፤ 2015 መጣ፣ ሄደ፣ ኤፍኤም ቀረ። ኋላም መንግሥት ያስጠናው ግምገማ ቢያንስ እስከ 2030 ኤፍኤም ይቆይ አለ። በዚያ ወሬ ተደናግጦ የገዛ ሰው የያዘው ምናልባት ኤምፒ 2 ብቻ የሚያነበውን ነው።

የሌሊት አድማጭ፦ ስሜን ጥራው እንጂ ለምን ትሸፋፍናለህ።

ቆርቆሮ አንቴና፦ «የያዝኸውን ያዝ» አለ! ሰምታችኋል? እኔ ከመጀመሪያው ያልሁት ይህን ነው፤ በድስት ስለተናገርሁት ነው ያልገባችሁ።

ትርፍ ባትሪ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት «አንዴ ይገዛል» ነው። እኔ ያልሁት «ዛሬ አይገዛም» ነው። በሁለቱ መካከል ምድጃ አለ።

ሞገደኛው፦ እኔ ዲኤቢ ፕላስ ገዝቻለሁ፣ አልጸጸትም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ መንሿሿት የለም፣ ጣቢያ ፍለጋ ቁልፍ በጣት ጫፍ ማከክ የለም።

ቆርቆሮ አንቴና፦ ምልክቱ ሲደክምስ? የእኔ ኤፍኤም ሲደክም ይንሿሿል፤ በሿሿታው ውስጥ ግን ሰውየው የሚለው ይገባኛል። የአንተው ሲደክም ውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይንቦጫረቃል፣ ከዚያ ድርግም። በመካከል ምንም የለም። ባትሪውስ? የሚያዞረውን ስሌት ሁሉ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ የእኔዋ ግን ባትሪ እንዳላት እስክረሳ ድረስ ትሄዳለች።

መንገደኛ፦ ዋሻ ውስጥ ስገባ የእኔም ድርግም ይላል። ያው ኤፍኤሙም ይላል።

የሌሊት አድማጭ፦ በእያንዳንዱ ክፍል ሬዲዮ ላለው ሰው የሚያሳብደው መዘግየቱ ነው። ዲጂታሉ ምልክቱን አሽጎ፣ ፈትቶ እስኪያሰማህ ሰከንዶች ያልፋሉ። አንዱ ክፍል ኤፍኤም፣ ሌላው ዲጂታል ከተከፈተ ሰውየው ራሱን የሚያስተጋባ ይመስላል። የሰዓቱ ምልክት ሁለት ጊዜ ይደወላል፤ የትኛውን ልመን?

ሞገደኛው፦ ለጥቂት ሰከንድ ብሎ ቴክኖሎጂ የሚጥል ሰው አሁን አየሁ። የት ልትደርሱ ነው የቸኮላችሁት?

የሌሊት አድማጭ፦ «ቸኮልሽ» አልኸኝ እንደገና! ሦስተኛ ጊዜ ነው።

ሞገደኛው፦ ሁለተኛ ነው። ቁጠሪ።

ጆሮ ጠቢ፦ በዲጂታል ሁለተኛ ነው፤ በኤፍኤም ሦስተኛው ደርሷል።

ቆርቆሮ አንቴና፦ ልጆች፣ በሉ ደህና ሁኑ። ዜናው ጀመረ።

ሞገደኛው፦ የእኔ ገና ማስታወቂያ ላይ ነው።

ትርፍ ባትሪ፦ የአሉሚኒየሙ ድስት ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።