ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ማራቶን የሮጣችሁ እስቲ እርዱኝ። እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ትንፋሼ ሰላም ነው። ከዚያ ወዲያ ጭኔ ድንጋይ ይሆናል፣ ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፣ ሰው ቢያናግረኝ እንኳ መመለስ ያስጠላኛል። ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ግላይኮጅን (ሰውነት ለጉልበት የሚያስቀምጠው ስኳር) እዚያ አካባቢ ማለቅ እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ ግን ጄል (እየሮጡ የሚዋጥ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) ስወስድ ሆዴ ይገለበጣል፣ በጥብጬ የያዝኩት በሶ ደግሞ እየሮጡ አልዋጥ ይላል (ቆመው ሲጠጡት ግን አቤት ሲጥም!)። ጓደኞቼ «ችግሩ ጭንቅላትህ ነው፣ ቻለው» ይሉኛል። እኔ አልተዋጠልኝም። ኬንያዊው ሯጭ ኪፕቾጌ እንኳ በ2019 ቪየና ላይ የማራቶኑን ርቀት በ1:59:40 ሲጨርስ መጠጡና ጄሉ በብስክሌት ይቀርብለት ነበር። ረጅሙን ልምምድ የምሠራው ሱሉልታ ነው፣ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ። ሆዳችሁን ምግብ እንዴት አስለመዳችሁት? በየስንት ኪሎ ሜትሩ ትወስዳላችሁ? በሶውን አቅጥኖ የሞከረስ አለ?