አባቴ አሁን የት ነው ያለው? ሲኦል፣ ገሃነም፣ ዘላለም በሚባለው ነገር ግራ ገባኝ

የአባቱ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ ካረፈ ዛሬ 31 ቀኑ ነው፣ አርባው እየደረሰ ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ታላቅ እህቴ ጴንጤ ሆናለች፣ እኔ ለበዓል ብቻ ቤተክርስቲያን የምሳለም አይነት ነኝ። አባዬ ደሞ ከኔም የባሰ ነበር፣ ንስሐ አባት አለው ይባላል እንጂ ሲገናኙ አይቼ አላውቅም፣ ግን ጎረቤት ሲታመም በሌሊት ተነስቶ ታክሲ የሚፈልግ ሰው ነበር። ለቅሶው ላይ አንድ ዘመዳችን እናቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ "ለሞተ ሰው ተዝካር አይሰራም፣ ጌታን ሳይቀበል የሄደ አሁን ገሃነም እየተቃጠለ ነው፣ ለዘላለምም ይቃጠላል" አላት። ምንም አልመለሰችለትም፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ክርስቲያን ሁሉ በዚህ ይስማማል ወይ? ስድብ አልፈልግም በእናታችሁ፣ የምታውቁትን ብቻ ንገሩኝ።

ደጀ_ሰላም፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት እንለያቸው፣ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው እነሱን ከማምታታት ነው። ሲኦልና ገሃነም አንድ አይደሉም። በተዋሕዶ ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወይ በገነት ወይ በሲኦል ትቆያለች፣ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚባሉት ግን ከምጽአት በኋላ ናቸው፣ ሙታን ተነስተው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ማለት ነው። ራእይ 20:14 "ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ" ይላል፣ ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ሲኦል እራሱ ውስጥ ሊጣል ነው እንዴ? ስለዚህ "አሁን ገሃነም ነው" የሚለው ንግግር በኛ በኩል ገና ከመነሻው አይቆምም። ሲኦል ይመቻል ማለቴ ግን አይደለም፣ የአልዓዛርና የነዌን ታሪክ ታውቀዋለህ።

ፍትሐቱም፣ አርባውም፣ የሙት ዓመቱም የሚደረገው ፍርዱ ገና ስላላለቀ ነው። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲነበብ ሰምተህ ይሆናል፣ 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነበት። እኔ በልጅነቴ እሱን ስሰማ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነበር የሚቀረው፣ ባንድ ወገን 78 ነፍስ በሌላው ወገን ጥርኝ ውሃ፣ እንዴት ያዘነብላል እያልኩ። ያባትህን የሌሊት ታክሲ ያነሳህልን ጊዜ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ግን ልዋሽህ አልፈልግም፣ ከምጽአት በኋላ መመለሻ እንደሌለ ቤተክርስቲያናችን በግልጽ ታስተምራለች፣ ዘላለም ዘላለም ነው።

(በነገራችን ላይ ካቶሊኮች ስለ ሙታን ጸሎት ሲያስረዱ 2ኛ መቃብያን 12ን ይጠቅሳሉ፣ እኛ ጋ ያሉት መቃብያን በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ይዘታቸው ሌላ ነው፣ ከፍተህ ብትፈልግ አታገኘውም። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ።)

ሰንበት_7፦
እኔ አድቬንቲስት ነኝ፣ እኛ ከሁላችሁም የምንለይበት ነጥብ አለ። አባትህ አሁን የትም አይደለም፣ ተኝቷል። "ሙታን ግን አንዳች አያውቁም" ይላል መክብብ 9:5፣ ጌታም ስለ ቢታንያው አልዓዛር (ከሞት ስላስነሳው) ተኝቷል ነው ያለው። ፍርዱ ከመጣ በኋላም ቢሆን ኃጥእ ይጠፋል እንጂ ማለቂያ የሌለው ስቃይ ውስጥ አይኖርም። ማቴዎስ 10:28 ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም "ሊያጠፋ" ነው የሚለው፣ ሚልክያስ 4 ላይ ደሞ አመድ ይሆናሉ ይላል። "የዘላለም እሳት" የሚለውን ከይሁዳ 7 ውሰደው፣ ሰዶምና ገሞራ በዘላለም እሳት ተቀጡ ይላል፣ ታዲያ ሰዶም ዛሬ እየነደደች ነው? ዘላለም የሆነው ውጤቱ ነው። ይሄ የኛ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ጆን ስቶት የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ አንግሊካን ሰባኪም በ1988 እ.ኤ.አ. ወደዚህ እንደሚያዘነብል በጽሁፍ አውጥቷል፣ ብዙ ወንጌላውያንም ተቆጥተውበታል።

የኢየሩሳሌሙ፦
እኔ ገሃነም ውስጥ ኮንሰርት አይቻለሁ 😂 ሀዘን ላይ ስለቀለድኩ ይቅርታ ወንድሜ ግን ቀልድ አይደለም። ገሃነም የሚለው ቃል የመጣው ከሄኖም ሸለቆ ነው፣ ከኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ግንብ ስር ያለ ሸለቆ፣ ሳሩ የለመለመ ነው፣ የሱልጣን ገንዳ የሚባለው ኮንሰርት የሚደረግበት ቦታም እዛው ነው። ድሮ ሰው ልጁን በእሳት ያቃጠለበት ነው (ኤርምያስ 7:31)፣ ንጉስ ኢዮስያስ አረከሰው፣ ስሙም በዛው ክፉ ሆኖ ቀረ። ሰባኪዎች "የከተማው ቆሻሻ ሌት ተቀን የሚነድበት ነበር" የሚሉትን ግን አትመኑ፣ እሱን መጀመሪያ ጽፎ የሚገኘው ከክርስቶስ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ራቢ ዳዊት ኪምሒ የሚባል ነው።

ዶሃ_ነኝ፦
አራተኛ ወገን ደሞ አለ፣ በመጨረሻ ሁሉም ይመለሳል የሚል። የእስክንድርያው ኦሪገን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ያለው ነው፣ በ553 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ላይ በተደረገው ጉባኤ ተወገዘ። እኛ የምንቀበላቸው ጉባኤያት ሶስት ናቸው (325፣ 381፣ 431) ስለዚህ የ553ቱ አይመለከተንም የሚል ሰው ገጥሞኛል፣ ግን በዛ አትደሰቱ፣ የኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ከዛ በፊት በ400 እ.ኤ.አ. ገደማ ኦሪገንን አውግዞታል። የሚገርመው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ በጣም የተቀራረበ ነገር ጽፎ ቅዱስ ተብሎ መቅረቱ ነው።

እኔን ያሳረፈኝ ግን ማር ይስሐቅ ነው። አዎ ያ መነኮሳቶቻችን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ መጻሕፍት ጋር የሚያነቡት። ትውልዱ ዛሬ ኳታር በሚባለው አካባቢ ነው፣ 7ኛው ክፍለ ዘመን፣ እኔ ሲሚንቶ በምሸከምበት ሙቀት ማለት ነው፣ በኋላ ለትንሽ ጊዜ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ጥሎት በረሃ ገባ። እሱ የሚለው በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው፣ ኃጥእ ከእግዚአብሔር ፍቅር ተለይቷል ማለት ስህተት ነው፣ ያው ፍቅር ነው አንዱን ደስ የሚያሰኘው ሌላውን የሚያቃጥለው። በ1983 እ.ኤ.አ. ደሞ ጠፍቶ የነበረ ሁለተኛ ክፍሉ ኦክስፎርድ ተገኘ፣ እዛ ላይ ገሃነም ራሱ መጨረሻ እንዳለው ተስፋ ያደርጋል። ቤተክርስቲያን የምታስተምረው ነው እያልኩ አይደለም፣ ደጀ ሰላም ይቆጣኛል።

ጸጋ_ብቻ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ስለ ዘመድህ አፈርኩ። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንደዛ መናገር ወንጌል አይደለም። ግን ትምህርቱን እኔም አምንበታለሁ፣ አልሸሸውም። ማቴዎስ 25:46 ላይ "የዘላለም ቅጣት" እና "የዘላለም ሕይወት" ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያሉት፣ አንዱን ካሳጠርከው ሌላውም አብሮ ያጥራል፣ አውግስጢኖስም ድሮ ይሄንኑ ብሏል። ሰንበት 7 ሰዶምን ያነሳኸው ጥሩ ነው ግን ይሄን ጥቅስ ዘለልከው። የማልስማማው "አባትህ እዛ ነው" በሚለው ነው። ማን ነገረው? በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ሰዓት ነበረው? አባትህ በመጨረሻዋ ሌሊት ምን እንዳለ ያ ዘመድህ አልጋው ስር ነበር?

የአባቱ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደጀ ሰላም፣ ሲኦልና ገሃነም መለየታቸውን እስከዛሬ አላውቅም ነበር፣ ለዘመዳችንም ልልክለት ነበር ከዛ ተውኩት። ጸጋ ብቻ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት እኔ ነበርኩ አልጋው ጋ፣ ውሃ ስጠኝ ነው ያለኝ፣ ሌላ ነገር አላለም። የጥርኝ ውሃውን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ለእናቴ ማታ እያነበብኩላት ነበር፣ የኢየሩሳሌሙን ስትሰማ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለችና "ታዲያ ሳሩን ማን ያጭደዋል" አለችኝ። ጠላው ተጠንስሷል፣ እህቴ በተዝካር አላምንም ትላለች ግን ቅዳሜ ሽንኩርት ልልጥ እመጣለሁ ብላለች። ዶሃ ነኝ፣ የማር ይስሐቅ አማርኛው የት ይገኛል?