በድሬዳዋ ሙቀት ኮምፖስት ለምን ይደርቃል? ገራባስ ይገባበታል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ላሉት የሎሚና የፓፓያ ተክሎች ይሆናል ብዬ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የግቢ ቅጠል በአንድ ጥግ ማጠራቀም ከጀመርሁ ወራት አልፈዋል፤ ይሁን እንጂ ክምሩ በመብላላት ፈንታ ደርቆ ቁጭ ብሏል። ሙቀት ብስባሽን ያፋጥናል ሲባል እሰማለሁና የእኛ ሙቀት ለምን አልረዳውም? ከቤት በየቀኑ የሚወጣውን ገራባ (ተቅሞ የተረፈውን የጫት ቅጠልና እንጨት) ብጨምርበትስ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ (ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)
ክምሩን ከውስጥ የሚያሞቁት የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን እንጂ ፀሐይ አይደለችም። በደንብ የተሰናዳ ክምር መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ተሕዋስያኑ ግን ውሃ ካጡ ሥራቸውን ያቆማሉ። የእኛ ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ከመሬት በላይ የተከመረን ነገር እርጥበት አያስቀሩለትም። ስለዚህ ጥላ ካለበትና ጎርፍ ከማይገባበት ቦታ ወርዱም ጥልቀቱም አንድ ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ከሥር ጭራሮ አንጥፈው እርጥቡንና ደረቁን እያፈራረቁ ይጨምሩ፤ በየመሐሉ የፍየል በጠጥ ወይም እበት ጣል አድርገው ውሃ ካርከፈከፉበት በኋላ በአሮጌ ጆንያ ይሸፍኑት። እርጥበቱን ለማወቅ ከመሐሉ እፍኝ አውጥተው ይጨምቁት፦ እጅዎን አርሶ ውሃ ካላንጠባጠበ ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ ደረቅ ቅጠል፣ ከተበተነ ውሃ ይፈልጋል። የአትክልት እጣቢ ይበቃል፤ የሳሙና ውሃ ግን አያስገቡበት።

ገራባው ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እንጨቱን ግን በገጀራ ካልከታተፉት እንደ ገባ ይወጣል። (በእኛ ሰፈር እንኳ ፍየሎቹ ቀድመው ስለሚጨርሱት ለጉድጓድ የሚተርፈው እንጨቱ ብቻ ነው።)

መልስ (ሐረር)
በጉድጓዱ እስማማለሁ፤ በገራባው ላይ ግን ጥንቃቄ ቢደረግ እመርጣለሁ። በጫት ማሳ ላይ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ጭምር እንደሚረጭ በጥናት የታየ ጉዳይ ነው፤ ዲዲቲ ደግሞ በመብላላት ቶሎ የሚጠፋ መድኃኒት አይደለም። ከየት እንደመጣ የማያውቁት ገራባ የገባበትን ብስባሽ ለአበባና ለጥላ ዛፍ ያውሉት እንጂ ለካሮትና ለሰላጣ መደብ ባያደርጉት ይሻላል። ለደረቁ ክፍል እኔ የምመርጠው የቡና ገለባ ነው፤ የሐረር ቡና ከነገለባው ደርቆ የሚፈለፈል በመሆኑ ከመፈልፈያ ቤቶች ማግኘት አይቸግርም።

አመድ የሚጨምሩ ከሆነ ደግሞ ያቁሙ። የድሬዳዋ አፈር ኖራ የበዛበት ስለሆነ አመድ ሲደረብበት ተክሉ ብረት መውሰድ ይሳነዋል፤ የሎሚዎ አዲስ ቅጠል የደም ሥር መሰል መስመሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመስመሮቹ መካከል ያለው ቢጫ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ
እጅግ አመሰግናለሁ። የሎሚው ቅጠል እንዳሉት ነው፤ የከሰሉን አመድም ሁልጊዜ እዚያው ነበር የምንደፋው። በየስንት ጊዜው ይገለበጣል?

መልስ (ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)
በየሦስት ሳምንቱ ገልብጠው ውሃ ይጨምሩበት። በሦስት ወይም በአራት ወር ጠቁሮ፣ የገባበት ነገር የማይለይ ሲሆንና ዝናብ የመታው አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከግንዱ ፈቀቅ አድርገው በተክሉ ዙሪያ ይበትኑትና ላዩን በደረቅ ሣር ይሸፍኑት።