የእናቴ ኤስኤስአይ፦ ማጭበርበር ነው ወይስ ትርፍ ክፍያ?

ወገኖች፣ ጉዳዩን የምታውቁ እርዱኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ኤስኤስአይ (የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) ትቀበላለች። ለወንድሟ ለቅሶ አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ታመመችና ከወር በላይ ቆየች። ገንዘቡ ግን መግባቱን አላቆመም።

ደንቡን አነበብኩት። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ክፍያው ይቋረጣል። ተመልሶም 30 ቀን በተከታታይ እዚህ መቆየት አለበት። ለውጡን ወሩ ካለቀ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እሷ ይህን ከየት ታውቃለች? ደብዳቤው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

ግማሹ ሰው «ዝም በሉ፣ ማን ያያል?» ይላል። ይሄ ምክር አልተዋጠልኝም። እንደገባኝ ማጭበርበር የሚሆነው አውቆ ሲደብቁ ወይም ሲዋሹ ነው። አሁን ዝም ካልን ወደዚያው መግባታችን አይደል? ሌላው ደግሞ «ይከሷታል» እያለ እንቅልፍ ነስቷታል።

ራሳችን ሄደን ብናሳውቅ እንደ ትርፍ ክፍያ ብቻ ያዩታል? በየወሩ እየተቆረጠ መክፈልስ ይቻላል? «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የመክፈልም አቅም የለኝም» ብሎ ዕዳው እንዲሰረዝለት የጠየቀ ሰው ካለ ምን ማስረጃ እንዳቀረበ ይንገረኝ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ የእህቴ ዕቁብ በእናቴ ሂሳብ ገብቶ ነበር። ኤስኤስአይ ለሚቀበል አንድ ሰው የተፈቀደው ንብረት፣ ባንክ ያለው ገንዘብ ጭምር፣ እስከ 2,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ የእሷ አለመሆኑን በምን እናስረዳ? የዕቁቡ ዳኛ የሚጽፉት ወረቀት ይበቃል?