ነጭ ሸራ ጫማ ላይ ጥለት ለመግጠም ማስቲሽ ይሻላል ወይስ መርፌ?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም እንዴት ናችሁ? ጥር ላይ የታላቅ እህቴ ሠርግ ነው። እኔና ሁለት የአጎቴ ልጆች ሚዜ ነን። በተረከዝ ጫማ ቀኑን ሙሉ መጨፈር ስለማይሆንልን ነጭ ሸራ ጫማ ገዛን። ማሰሪያ ያለው፣ አፍንጫው ላይ ነጭ ጎማ ያለው ዓይነት ነው። ቀሚሳችንን የሰፉልን ሰው የተረፈውን ጥለት ሰጥተውናል። ወርዱ አራት ጣት ቢሆን ነው፤ ቀይ ሆኖ መሃሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር አለው። እሱን የጫማው ጎን ላይ ማድረግ አማረን። በምን ይያዛል? ገና መቀስ ሲነካው ጠርዙ ይተረተራል። ስንራመድ እንዳይላቀቅም ፈራን። የስፌት መኪና የለንም። መርፌ፣ ካውያና ትዕግሥት አለ፤ ትዕግሥቱ እንኳ የእኔ ነው፣ የእነሱን እንጃ።

ጫማ ሰፊ፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ጫማ ላይ የሚቆየው ማስቲሽ ነው። ተማሪ የሚጠቀምበት ነጭ ኮላ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ደርቆ ድርቅ ስለሚል እግር ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ማስቲሹን ጨርቁም ላይ ጫማውም ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢ። ወዲያው አታጋጥሚው። 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቂና በጣትሽ ንኪው፤ ያዝ እያደረገ ጣትሽ ላይ ካልቀረ ደርሷል። አንዴ ካሳረፍሽው ማስተካከል የለም። ስለዚህ ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር እየጫንሽ ሂጂ። በዚህ በእኛ ውርጭ ጠዋት ላይ ቶሎ አይደርስም፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሥሪው። ቶሎ ይድረቅልኝ ብለሽ ግን ከሰል አጠገብ እንዳታስጠጊው! ትነቱ ራሱ በእሳት ይያያዛል። መስኮትም ክፈቱ።

ልብስ ሰፊ፣ ደብረ ሲና

ጋሼ ያሉት ለቆዳና ለወፍራም ጨርቅ እውነት ነው። ለጥለት ግን አልመክርሽም። ሽመናው ሳሳ ስለሚል ማስቲሹ ዘልቆ ፊቱ ላይ ይወጣል፣ ውሎ አድሮም ቢጫ ይሆናል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ጥለቱን አጥበዋለሁ። ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል፤ ተሰፍቶ ከሚሰበሰብ አሁን ይሰብሰብ። ስትተኩሺው ካውያውን ቀዝቀዝ አድርጊና በጀርባው በኩል፣ ሌላ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት ይሁን። የሚያብረቀርቀው ክር ብዙ ጊዜ ፕላስቲክነት አለው፣ ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል። ከዚያ ኮሌታ ውስጥ የምንከተውን፣ በካውያ የሚጣበቀውን ጨርቅ ከጀርባው ለጥፊበት። ስሱን ዓይነት ጠይቂ። መተርተሩ እዚያው ያበቃል።

ልኩን ለማውጣት የጫማውን ጎን በወረቀት ፕላስተር እየደራረብሽ ሸፍኚው። ጎማው የሚጀምርበትን መስመር፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ዳርና የኋላውን ስፌት በእርሳስ ተከተዪ። ሳትቀጂው ላጥ አድርገሽ ወረቀት ላይ ለጥፊና ቁረጪው። ጨርቁን ስትቆርጪ ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ለመታጠፊያ ጨምሪ። ለሌላው እግር ወረቀቱን ገልብጪው፤ አለዚያ ሁለት ቀኝ እግር ይዘሽ ሠርግ ልትሄጂ ነው። ጥለቱ በሚዞርበት ቦታ መታጠፊያውን በመቀስ ጠቅ ጠቅ አድርጊው፣ አርፎ እንዲተኛ። በመርፌ ቁልፍ ያዢና ክሩን ወደኋላ እየመለስሽ በደቃቁ ስፊው።

ጠያቂ

እትዬ እጅዎ ይባረክ! ጋሼም እግዜር ይስጥልኝ። ቀዩ ቀለም ነጩን ጫማ እንዳያበላሽብንስ?

ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት

ከማጠብሽ በፊት ሞክሪው። የጥለቱን ጫፍ አርጥቢና ነጭ አቡጀዲ ውስጥ ጠቅልለሽ ጨመቅ አድርጊው። ቀይ ካሳየ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢ። በጨው ዘፍዝፊው የሚሉሽ አይጠፉም። ጨው ክሩ ቀለም ሲነከር ነው የሚያግዘው፣ ተነክሮ ያለቀውን አይዝልሽም። በነገራችን ላይ እኛ ጋ ማስቲሽ ቆርቆሮው ውስጥ እያለ ነው የሚደርቀው። ፀሐይ ሞቅ እስክትል ጠብቂ ሲባል ቀናሁ።

የመንዝ ልጅ፣ መሐል ሜዳ

ጥለቱን ተዉትና በርኖስ ስፉበት! ቀልዴን ነው፣ እሱን የሚበሳ መርፌም አታገኙ። የበግ ሱፍ ካላችሁ ግን በእግራችሁ ልክ ቆርጣችሁ ውስጡ አንጥፉበት። የጥር ሌሊት ድንኳን ውስጥ በሸራ ጫማ አይቻልም። ጫማው ልክክ ያለ ከሆነ ግን ያጠባችኋል፣ መጀመሪያ ለኩት።

ጫማ ሰፊ፣ ደብረ ብርሃን

ልብስ ሰፊዋ ያለችው ይሁን፣ ለጥለት መርፌው ይሻላል። ሁለት ነገር ልጨምር። ጎማው አጠገብ ሸራው ድርብ ስለሆነ መርፌ አልገባም ይላል። እዚያ ጋ ብቻ በታጠፈው ጠርዝ ሥር በክብሪት እንጨት ስስ ማስቲሽ አስነኪው። እጥፉ ወፈር ስለሚል ወደ ላይ አይወጣም። ወይም ወደ አንዱ ጫማ ሰፊ ውሰጂውና በወስፌ ቀዳዳ ቀዳዳ ያውጣልሽ፣ ሥራው የደቂቃ ነው።

ሌላው፣ ጥለቱን አፍንጫው ድረስ አታምጪው። ጫማውን አድርጊና በጣቶችሽ ቁሚ። ሸራው የሚጨማደድበትን ቦታ ታያለሽ፤ ከእሱ መለስ አድርገሽ አቁሚው። እዚያ ላይ የተሰፋ ጨርቅ መጀመሪያ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይበጠሳል። የክሩንም ቋጠሮ በጥለቱና በሸራው መሃል ደብቂው። ወደ ውስጥ ከተውሽው ጭፈራው ሳያልቅ ተረከዝሽ ይላጣል።

ጠያቂ

ከተረከዝ እስከ መታጠፊያው ብቻ ከሆነማ ጥለቱ ለሦስታችንም ይበቃል! ከሠርጉ በኋላ መታጠብ ይችላል?

ልብስ ሰፊ፣ ደብረ ሲና

አትዘፍዝፊው። ጎማውን በጥርስ ብሩሽና በሳሙና እሺው፣ ጥለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ። ስታሰጪው ነጭ ወረቀት ወትፊበትና ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ቀዩን ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ጋዜጣ እንዳትወትፊበት፣ ቀለሙ ሸራው ላይ ይቀራል።