ከ72 ዲግሪ ፍል ውሃ የሚፈለገው ባክቴሪያ እንቢ አለ፤ አጋሩ ይደርቃል፣ የሚያድገውም ሌላ ነው

ፍልውሃ_72 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሙቀቱ 72 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 8 አካባቢ ከሆነ ፍል ውሃ ደለልና ድንጋይ ላይ የተጋገረ ንጣፍ ተወስዷል። የሚፈለገው ቴርመስ የተባለው ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያና ሙቀት የሚችል አሚሌዝ (ስታርች የሚሰባብር ኢንዛይም) የሚያመነጭ ባክቴሪያ ነው። በኑትሪየንት አጋር (ሳህን ላይ የሚረጋ የባክቴሪያ ምግብ) ላይ በ70 ዲግሪ ሲቀመጥ ሳህኑ በአንድ ሌሊት ይደርቃል፤ ክዳኑ ላይ ያቆረው ጠብታም ወርዶ ኮሎኒዎቹን ያቀላቅላል። ወደ 55 ሲወርድ ሳህኑ በነጭ ጠፍጣፋ ኮሎኒ ይሞላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

ሚዲያውና ማርጊያው ምን ይሁን? ኢንዛይሙ የእውነት ሙቀት ቻይ መሆኑ በምን ይታወቃል? ብዙ ኢንዛይም ለማግኘትስ ባክቴሪያውን ማብዛት ይሻላል ወይስ ጂኑን ወደ ኢ. ኮላይ (በላብራቶሪ በቀላሉ የሚራባ ባክቴሪያ) ማዛወር?

ሚዲያ_ቀማሚ

በ55 ዲግሪ የሞላው ጂኦባሲለስ ወይም የቅርብ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም። ስፖር (ሙቀትና ድርቀት የሚቋቋም የተኛ ሕዋስ) ስለሚሠራ ከአፈር ታጥቦ ይገባና ፍል ውሃው ውስጥ ሳያድግ ይቆያል። የደለበ ምግብና 55 ዲግሪ ሲያገኝ ሌላውን ሁሉ ይቀድማል። ይህ አዲስ ችግር አይደለም። ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ ቴርመስ አኳቲከስን እ.ኤ.አ. በ1969 ከማሳወቃቸው በፊት ሙቀት ወዳዶች የሚፈለጉት በአብዛኛው በ55 እና 60 ዲግሪ፣ በደለበ ሚዲያ ነበር፤ ስለዚህ ያው ስፖር ሠሪ ባሲለስ ይመላለስ ነበር። እነሱ ሙቀቱን ከ70 በላይ አደረጉ፣ ምግቡን አሳሱ። በየሎውስቶን ፓርክ ከማሽሩም ስፕሪንግ የተገኘው ዝርያ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ኑትሪየንት አጋር በሊትር 8 ግራም ያህል ፔፕቶንና የሥጋ ተዋጽኦ አለው፤ ለቴርመስ ይከብዳል። በምትኩ ትሪፕቶን 1 ግራም፣ የእርሾ ተዋጽኦ 1 ግራም በሊትር፣ በካስተንሆልዝ ጨው (ለሙቀት ወዳዶች የሚቀመም የማዕድን ጨው ድብልቅ) ላይ፣ ፒኤች 8 አካባቢ ይሁን። ፎስፌቱን ከካልሲየሙ ለይታችሁ በአውቶክሌቭ አምክኑና በኋላ ቀላቅሉ። አብረው ከሞቁ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ያኔ ሚዲያው ካልሲየምም ፎስፌትም ያጥረዋል።

ማርጊያውን በተመለከተ፣ ለ70 ዲግሪ በሊትር 30 ግራም አጋር ይበቃል፤ የተለመደው 15 ግራም ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ለሚሞቅ ሥራ ጌላን ሙጫ በሊትር 8 ግራም፣ ከ1 ግራም ማግኒዥየም ክሎራይድ ጋር ተጠቀሙ። ጌላን እንደ አጋር እስከ 50 ዲግሪ እንዲበርድ አይጠበቅም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋባችኋል። ትኩሱን ቅዱ። በየሳህኑ ከ20 ይልቅ ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሊትር አድርጉ፣ ገልብጣችሁ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ውሃ ከያዘ ቢከር ጋር አስቀምጡ። የፕላስቲክ ሳህን ወደ 80 ሲጠጋ ስለሚጣመም እዚያ ላይ የመስታወት ይሻላል።

በፈሳሽ ሚዲያ ትልቁ ጣጣ ኦክስጅን ነው። በ70 ዲግሪ ውሃ የሚሟሟው ኦክስጅን በ25 ዲግሪ ከሚሟሟው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፍላስኩን ከአንድ አምስተኛ በላይ አትሙሉ፤ በደቂቃ 150 ዙር ገደማ ይወዝወዝ። የፈሳሹን ከፍታ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉና የተነነውን በመከነ ውሃ ተኩ፣ አለዚያ ጨው እየጠነከረ ይሄዳል።

ከ2 እስከ 3 ቀን ጠብቁ። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ኮሎኒ፣ በማይክሮስኮፕ ረጅም ዘንግ፣ ስፖር የሌለው ከሆነ ተስፋ አለ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነጥላችሁ አሳድጉና የባክቴሪያ ማንነት በሚለየው በ16ኤስ ጂን አረጋግጡ። የተነጠለውን ወዲያው በ20 በመቶ ግሊሰሮል አድርጋችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ።

ኢንዛይም_ለኪ

በስታርች ሳህን ላይ አዮዲን ሲፈስ የሚታየው ጥርት ያለ ቀለበት አሚሌዝ እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። ሙቀት መቻሉን አይናገርም። በከፍተኛ ሙቀት በደንብ መሥራትና በዚያ ሙቀት ሳይበላሹ መቆየት ለየብቻ የሚለኩ ነገሮች ናቸው።

ለመቆየቱ ኢንዛይሙን ያለ ስታርች በ80 ዲግሪ አስቀምጡ፤ ስታርች ካለ ኢንዛይሙን ደግፎ ይይዘውና ውጤቱ ያማረ ይመስላል። በ0፣ 10፣ 20፣ 40 እና 80 ደቂቃ እየቀዳችሁ በረዶ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ የቀረውን አቅም በ1 በመቶ ስታርች፣ በ70 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ለኩ፣ ዲኤንኤስ (ኢንዛይሙን አቁሞ የተለቀቀውን ስኳር በቀለም የሚያሳይ ኬሚካል) ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ አፍሉ፣ በ540 ናኖሜትር አንብቡ። የቀረውን አቅም የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከጊዜው ጋር ስትነድፉ የመስመሩ ዳገት መጠን ኬ (የመበላሸቱ ፍጥነት) ይሆናል፤ ግማሽ ዕድሜው 0.693 ለኬ ሲካፈል ነው። መስመሩ ከጎበጠ አንድ ኢንዛይም ብቻ ላይሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ባዶ ማነጻጸሪያው ላይ ነው። «አፍልተን የገደልነው» የሚባለው ማነጻጸሪያ እዚህ አይሠራም፤ ኢንዛይሙ ከፈላም በኋላ ሊሠራ ይችላል። ለማነጻጸሪያው መጀመሪያ ዲኤንኤስ፣ ከዚያ ኢንዛይም ጨምሩ።

ባፈሩም (ፒኤች ጠባቂው ፈሳሽ) ያታልላል። ትሪስ የተባለው ባፈር በአንድ ዲግሪ ወደ 0.028 ፒኤች ይወርዳል። በ25 ዲግሪ 8.0 ያላችሁት በ70 ዲግሪ 6.7 ገደማ ነው ማለት ነው። ፎስፌት ሙቀት ብዙ አያናውጠውም፣ ግን ካልሲየም ይነጥቃል፤ አብዛኞቹ አሚሌዞች ደግሞ ካልሲየም ሲያጡ ይፈርሳሉ። ካልሲየም የሚይዘው ኢዲቲኤም እንዲሁ። እኔ የምመርጠው ሞፕስ ወይም ሄፕስ የሚባለውን ባፈር ነው፤ ፒኤቹ በሥራ ሙቀቱ ይስተካከል፣ ካልሲየም ክሎራይድ ከ2 እስከ 5 ሚሊሞላር ይጨመር። ክዳኑን የሚያሞቅ የፒሲአር (ዲኤንኤ የማብዣ ዘዴ) ማሽን ካለ ናሙናውን እሱ ላይ አቆዩ፤ በተራ ውሃ ማሞቂያ ላይ ተኑ ክዳን ላይ ይቀርና የታችኛው ፈሳሽ ይወፍራል።

አንድ ነገር ላክል። በኢንዱስትሪ ስታርች ሲቀጥን ድብልቁ በ105 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በ95 ለ1 እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ለዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው አሚሌዝ ከባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ የተገኘ ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ ግን በዚያ ሙቀት ፈጽሞ አያድግም። ስለዚህ ያንን የ55 ዲግሪ ሳህን አትጣሉ፣ በአዮዲን ፈትሹት።

ጂን_አሻጋሪ

ለሦስተኛው ጥያቄ፣ ማዛወሩ ይሻላል። ቴርመስ ከአንድ ሊትር የሚሰጠው የሕዋስ መጠን ትንሽ ነው። በፒሲአር ዲኤንኤ የሚያባዛው የቴርመስ አኳቲከስ ኢንዛይም፣ የታክ ፖሊሜሬዝ ጂንም እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ኢ. ኮላይ መዛወሩ ታትሞ ወጥቷል።

ትርፉ ማጣራቱ ላይ ነው። ሕዋሱን ሰብራችሁ በ75 ዲግሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስታሞቁ የኢ. ኮላይ ፕሮቲን አብዛኛው ይረጋል፣ የእናንተው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። በረዶ ላይ አቀዝቅዙ፣ በ12,000 ጂ 20 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጉ። ፈሳሹ በጣም ከወፈረ የሚረጋው ፕሮቲን ኢንዛይማችሁን አብሮ ይዞት ይወርዳል፤ በሚሊ ሊትር ወደ 10 ሚሊግራም ፕሮቲን አቅጥኑት። ዲኤንኤው ካልተቆራረጠም ንፍጥ ይሆናል፤ ከማሞቁ በፊት ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ጨምሩ። 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ መሃሉ 75 እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ውስጡ ከደረሰ በኋላ ነው። ቴርሞሜትር ክተቱበት ወይም በትንንሽ ቱቦ ክፈሉት።

«ጂኑ ገብቷል፣ ኢንዛይሙ ግን አይሠራም» ከማለታችሁ በፊት በ37 ዲግሪ ሳይሆን በ70 ለኩ። አንዳንዱ ፕሮቲን በ37 በትክክል አይታጠፍም፤ ሲሞቅ ይስተካከልና አቅሙ ይጨምራል።

ፍልውሃ_72 (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። ጌላን ለጊዜው የለም። በ72 ዲግሪ 30 ግራም አጋር ይያዛል?

ሚዲያ_ቀማሚ

ይይዛል፣ ሳጥኑ በደንብ ከታሸገ። በ70 ብታደርጉትም ምንም አይጎዳም፤ ቴርመስ አኳቲከስ ይበልጥ የሚመቸው እዚያ ነው።

ስለ ፈቃድ ያነሳ ስለሌለ ልጨምር። ገና ናሙና የሚወሰድ ከሆነ የፍል ውሃው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር፤ ከውጤቱ ጥቅም የሚገኝ ከሆነ አከፋፈሉም ይጻፍበት። የፒሲአር መብት እ.ኤ.አ. በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የሎውስቶን ምንም አልደረሰውም። የናሙና ቀን፣ ቦታ፣ ሙቀትና ፒኤች የተጻፈበት ወረቀት ከፈቃዱ ጋር አብሮ ይቀመጥ።